ስርጉትን ላመጣ ቡሬ ሂጄ ባዶ እጄን የተመለስኩበት መንገድ

ከቡሬ ከተመለስኩ ወዲህ መንደሩ አንድ ወሬ ይዟል። «አያ ጥሩነህ የልጅ ልጃቸውን አመጣለሁ ብለው ሂደው ባዶ እጃቸውን መጡ፤ የከተማ ሰው አሸነፋቸው» ይላል። ባዶ እጄን መምጣቴ እውነት ነው። መሸነፌ ግን ውሸት ነው። ለእያንዳንዱ እየዞርኩ ከማስረዳ ቁጭ ብዬ እጽፈዋለሁ፤ ማንበብ የሚችል ያንብብ፣ የማይችል ልጁን ያስነብብ። ጽሕፈቴ አያምርም። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ እርሻ ወሰደኝ። ቢሆንም የሆነውን እንደሆነ ለመጻፍ የሚበቃ ፊደል አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ውባለም ቡሬ ነው የምትኖረው። ባሏ የጭነት መኪና ይነዳል፣ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው። እሷ በርበሬ መጋዘን ውስጥ በርበሬ ትለቅማለች። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ስርጉት ትባላለች፣ ስድስት ዓመቷ ነው። ከመስከረም ጀምሮ የግል ትምህርት ቤት አስገቧት፤ ሕፃናቱን ገና ከጅምሩ በእንግሊዝኛ ነው የሚያስተምሩት። ታኅሣሥ እንደገባ ውባለም ደወለችልኝ። ልጅቱ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ስትናገር ቆይታ አሁን ክፍል ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አይወጣትም። ስትጠየቅ መሬት መሬት ታያለች። ዳይሬክተሩ «በሚመጣው ዓርብ ካልተናገረች ወደ ትንንሾቹ ክፍል ትወርዳለች» ብሏል። ውባለም ይህን ስትነግረኝ ታለቅስ ነበር።

«አታልቅሺ፣ መጥቼ እወስዳታለሁ» አልኳት። «እዚህ የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ። በአፍ መፍቻዋ ትማራለች። የኔን ልጅ ዝቅ የሚያደርጋት ማነው?»

ሰኞ

ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ። ቋሪት በታኅሣሥ ምን እንደሚመስል ለቋሪት ሰው አልነግርም፤ ሣሩ ላይ የተኛው ውርጭ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ለልጄ አንድ ጆንያ ድንችና ትንሽ በሶ በጎረቤት አህያ ጭኜ መኪና የሚነሳበት ገበዝ ማርያም ደረስኩ። መኪናው ካልሞላ አይነሳም። ሲሞላም አይነሳም። ረዳቱ ሞልቶ በተረፈው ላይ ሌላ ሲጨምር ነው የሚነሳው።

«አባባ፣ ጆንያው ጣራ ላይ ይውጣ» አለኝ ረዳቱ።

«አይወጣም።»

«ታዲያ የት ሊያስቀምጡት ነው?»

«እግሬ መሃል። ድንቹ እንደ አንተ አይናገርም፣ ዝም ብሎ ይሄዳል።»

ሰው ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ግን «ኧረ ድንችዎ እግሬን ጨረሰኝ» እያለች ነው መንገዱን የጨረሰችው። እውነቷን ነው። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ሙቀቱ እየጨመረ መጣ። መጀመሪያ ጋቢዬን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ካፖርቴን፣ አስፋልቱ ላይ ስንደርስ የማወልቀው አጣሁ። ሰው እንዴት በታኅሣሥ ያልበዋል? የእኛ አገር ብርድ ይሻላል፤ ቢያንስ ከእሳት ዳር ቁጭ ብለው ያሸንፉታል።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ «ዛሬ ወደ ቡሬ መኪና የለም» አሉ። ለምን ብዬ ብጠይቅ አንዱ ትከሻውን ሰበቀ፣ ሌላው ሰማይ አየ። በዚህ ዘመን መንገድ ለምን እንደተዘጋ የሚጠይቅ እንደኔ ያለ ሽማግሌ ብቻ ነው። አልጋ ቤት ፈለግሁ። ባለቤቷ ቀጠን ያለች ሴት ናት፤ መታወቂያዬን ተቀብላ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች።

«ይኼ እርስዎን አይመስልም አባቴ።»

«ፎቶው አላረጀም፣ እኔ ነኝ ያረጀሁ።»

ሳቀችና አስገባችኝ። ክፍሉ ከበግ ጉረኖዬ ያንሳል። ቧንቧው ቢከፍቱት ይተነፍሳል እንጂ ውሃ አያወጣም። ጾም ስለሆነ ሽሮ አዝዤ ነበር፤ ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ አየሁና ወደ ጎን ገፋሁት። ሴትዮዋ ይህን አይታ ምንም ሳትል ወስዳ ለራሷ ቤት ከሠራችው የባቄላ ክክ አመጣችልኝ። «ሳይበሉ ከኔ ቤት አይተኙም» አለች። ለዚያ ክክ እስከ ዛሬ እመርቃታለሁ። የመብራቱን ማጥፊያ ግን ፈልጌ አጣሁት። ግድግዳውን ሁሉ ዳበስኩ። ጠዋት ስወጣ ከበሩ ውጭ አገኘሁት። መብራት ከደጅ የሚጠፋበትን ቤት የሠራውን ሰው ባገኘው የምለው ነበረኝ።

ማክሰኞ

ጠዋት መንገዱ ተከፈተ። ተሳፈርኩ። ማንኩሳ ልንደርስ ስንል ጎማ ፈነዳ፣ መለዋወጫ ጎማም የለም። ሹፌሩ እንደ ተበደለ ሰው ወገቡን ይዞ ቆመ። እኔ ጆንያዬን ተሸክሜ በእግሬ ቀጠልኩ። ማንኩሳ ገበያው ጠርዝ ላይ ስደርስ የጆንያው ጥግ ተተረተረ፣ ድንቼ በመንገዱ ላይ ተንከባለለ። ባጃጁ ያልፋል፣ ፍየሉ ያሸታል፣ እኔ አንዱን ሳነሳ ሌላው ይሄዳል።

ከሱቁ አንድ ሰው ብድግ ብሎ መጣና መንገዱ መሃል ቆሞ ባጃጆቹን በእጁ አስቆመ። ከዚያ አንድ በአንድ ለቀመልኝ። ሰይድ ይባላል፤ ጨርቅና ጨው የሚሸጥ የማንኩሳ ነጋዴ ነው።

«አባባ፣ ይኼ ሁሉ ድንች ወዴት ነው?»

«ቡሬ።»

«ቡሬ ድንች የለም ያለዎት ማነው?»

«የቡሬ ድንች ውሃ ነው። የኔ ዱቄት ነው።»

«እንግዲያው ቀምሰን እንፈርዳለን» አለና ቤቱ ወሰደኝ። መኪና ከነገ በፊት እንደማይገኝ እሱ ያውቅ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላወቅሁት። ሚስቱ ዘሃራ በሩ ላይ ተቀበለችኝና ወዲያው እንዲህ አለች፦ «ጾም ላይ እንደሆኑ አውቃለሁ። ድስቱም ሳህኑም ለክርስቲያን እንግዳ ለብቻው የምናስቀምጠው ነው። አይሳቀቁ።» እኔ ከመጠየቄ በፊት መልሱን ሰጠችኝ። ድንቹን ቀቀለችው፣ ሰይድ ቀመሰና «ፈረድኩ፣ ዱቄት ነው» አለ። ከዚያ በኋላ እንደ ቤተሰብ ሆንን።

ስርጉትን የሚያህል ወንድ ልጅ አላቸው፣ ኢምራን። በዚያ ሰዓት ከቁርኣን ቤት መጥቶ እናቱ ምስር እየለቀመች የዕለቱን ትምህርት በዓረብኛ ያሰማታል። ቤታቸው የሚነገረው አማርኛ ነው፤ ዓረብኛው ለልጁ እንደ ባዕድ ነው። ሲሄድ ሲሄድ ይስታል። እናቱ ዓይኗን ከምስሩ ሳታነሳ ትክክለኛውን ቃል ብቻ ትላለች፤ እሱ ቃሉን ከአፏ ተቀብሎ ይቀጥላል። አትቆጣም፣ አታስቆመውም፣ «ጎበዝ»ም አትልም። እኔ ፊደል ስቆጥር ከሳትኩ አለንጋው ቀድሞ ይደርስ ነበር። አላስቻለኝም።

«ዘሃራ፣ ለምን አትገስጪውም?»

«ምን ሠርቶ አባባ?»

«ሳተ እኮ።»

«ሲስት አይደል የምነግረው? ካልሳተማ እኔ ምን አስቀመጠኝ?»

ሰይድ ሳቀብኝ። እኔም መልስ አጣሁ። መልስ ማጣት ግን መስማማት አይደለም። ልጅ ካልተገሰጸ መሳቱን በምን ያውቃል ብዬ እያጉረመረምኩ ተኛሁ። አልጋቸውን ለቀው መሬት ነው የተኙልኝ።

ረቡዕ

ሰይድ ራሱ ጆንያዬን ሰፍቶ መኪና ላይ ጫነኝ። ቡሬ ከመድረሳችን በፊት አፍንጫዬ ቡሬ መድረሳችንን አወቀ። በየሜዳው፣ በየደጁ፣ በየሸራው ላይ በርበሬ ተሰጥቷል። አገሩ ሁሉ ቀልቷል። እኔ አንድ ቃል ለመናገር ሁለት ጊዜ አስነጥሳለሁ፤ የባጃጁ ልጅ «አባባ ለቡሬ አዲስ ነዎት» ይለኛል። በእኛ አገር እንዲህ የሚያስነጥሰው ጉንፋን ብቻ ነው።

ውባለም ቀይ አቧራ ለብሳ ከመጋዘን እየሮጠች መጣች። የተከራየችው ቤት አንድ ክፍል ነው፣ ንጹሕ ነው። ስርጉት መጀመሪያ በሩ ጀርባ ተደበቀች፣ ቀጥሎ ጆንያው ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያ በኋላ ያስቆማት የለም። ስለ ጎረቤት ድመት፣ ስለ አባቷ መኪና፣ ስለ ወደቀው ጥርሷ ሳትተነፍስ ታወራለች። ይቺ ናት አትናገርም የተባለች? አልኩ በልቤ።

«ስርጉትዬ፣ እስኪ እንግሊዝኛ ንገሪኝ» አልኳት።

አፏ ተዘጋ። ቀኝ እጇ ተነስቶ ግንባሯን ሸፈነ።

«ግንባርሽን አመመሽ?»

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። እናቷ ጥግ ላይ ድንቹን ስታራግፍ ቆይታ ቀና አለች።

«ንገሪኝ እንጂ የኔ እመቤት።»

«ካወራሁ ሚስ ኮከብ ትለጥፍብኛለች» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ። «ኮከብ ካለብኝ እማዬ ትቆጣለች። ካላወራሁ አይለጠፍብኝም።»

ውባለም የያዘችውን ድንች ጣለች። «ኧረ አባዬ! አንቱ አይደሉ እንዴ ያሉኝ!»

እውነቷን ነው፤ እኔ ነኝ። በጥቅምት ደውላ «ስርጉት ክፍል ውስጥ ቀድማ ስለመለሰች ግንባሯ ላይ የሚያብረቀርቅ ኮከብ ለጥፈውላት መጣች» ብላ በደስታ ስትነግረኝ እኔ ጮኽሁ። የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል፤ ልጅ በአደባባይ አይመሰገንም። ጥሩ ጥጃ እንኳ ያየ ሰው ፈጥኖ «እግዜር ይጠብቀው» ካላለ ዓይኑ ይፈራል። እና ልጄ ግንባሯ ላይ ምልክት አብርታ፣ በቡሬ ገበያ መሃል፣ ሰው ሁሉ «ይቺ ጎበዝ የማን ናት?» እያለ ትለፍ? «ከትምህርት ቤቱ በር ሳትርቂ ጥረጊው!» አልኳት። ውባለም ወደ ሥራ እየሮጠች፣ ፊቷ ተቋጥሮ፣ በነጠላዋ ጫፍ ትፈትገው ነበር። ልጅቱ ስለ ሰው ዓይን ምን ታውቃለች? ያየችው አንድ ነገር ነው፦ እንግሊዝኛ ስናገር ይለጠፋል፣ ሲለጠፍ እናቴ ትቆጣለች።

አሁን ይህን የሚያነብ ሁሉ «ታዲያ ጥፋቱ የሽማግሌው ነው» ይላል። ይበል። የሰው ዓይን የለም አልልም፣ ዛሬም አልልም። ኮከቡን ግንባር ላይ የለጠፈው እኔ አይደለሁም።

ሐሙስ

ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ግንቡ ላይ አንበሳና ዝሆን ተስሏል፤ አንበሳው ከውሻዬ አይበልጥም። ዳይሬክተሩ ኮት የለበሰ ወጣት ነው፣ ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል። ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ፤ ይህን ልጽፍለት ይገባል። ሆዴን አላባባሁም፣ እንደ አገራችን ወግ ዙሪያ ጥምጥምም አልሄድኩም።

«ልጄን ወደ ታች ክፍል አታወርዷትም» አልኩት።

«አባባ፣ ችግሩ የእኛ አይደለም። ሁለት ዓርብ ማይክ ይዛ ሰልፍ ፊት ቆመች፤ አንድ ቃል አልወጣትም። ወላጆች ምን ይሉናል?»

«ማይክ? በሰልፍ ፊት?»

«ነዋ። የተማሩትን የሚያሳዩት እኮ በዓርብ ሰልፍ ነው። ጎበዞቹን እናስጨበጭብላቸዋለን።»

«የማይናገረውስ?»

«እሱን ይመለስ እንለዋለን።»

«አንተ በስድስት ዓመትህ በማታውቀው ቋንቋ ሕዝብ ፊት ተናግረህ ታውቃለህ?»

«እኛማ ዕድሉን የት አግኝተን!»

«እንግዲያው ክፍሏ ውስጥ፣ ከመምህሯ ጋር ጠይቃት። በሰልፍ አይሆንም።»

«አሠራራችን ነው አባባ፣ አይቀየርም።»

«እንግዲያው እኔም አሠራር አለኝ» ብዬ ወጣሁ። በሩ ላይ አንድ ድንጋይ አለ፣ ተቀመጥኩበት። ዘበኛው አያ ካሴ የደንበጫ ሰው ነው፣ በእኔ ዕድሜ ነው ማለት ይቻላል።

«አያ፣ ይነሱ እንጂ፣ እኔን ያባርሩኛል።»

«ከግቢው ውጭ ነኝ። ድንጋዩ የትምህርት ቤቱ ነው?»

«ድንጋዩማ የእግዜር ነው።»

«በል እንግዲህ እግዜር ሲያስነሳኝ እነሳለሁ።»

አያ ካሴ ሳቀና ቆሎ አካፈለኝ። ልጆቻቸውን ለምሳ ሊወስዱ የሚመጡ ወላጆች ምን ሆነው ነው ይላሉ፤ እኔ ለያንዳንዱ እነግራለሁ። አንዷ እናት «የኔም ልጅ ዓርብ ሲደርስ ሆዱን ያመዋል» አለች። ዳይሬክተሩ በመስኮት ያያል። በመጨረሻ መጣ።

«አባባ፣ ነገም እዚሁ ሊቀመጡ ነው?»

«ነገ ወላጅ ሁሉ ይመጣል አይደል? እቀመጣለሁ።»

«ያስፈራሩኛል እንዴ?»

«አዎ።»

ፊቱን አዙሮ ወደ ቢሮው ገባ። ምሳ ሰዓት ላይ የስርጉት መምህርት ወጣች። ልጆቹ ሚስ ፍሬ ይሏታል፤ አጠር ያለች፣ ጫማዋ የጠመኔ አቧራ የለበሰ ወጣት ናት። የኮከቡን ታሪክ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ያቀፈችኝ እንዳይመስላችሁ። ተቆጣች።

«ሁለት ወር ሙሉ ምን በደልኳት ብዬ እንቅልፍ አጣሁ! ለምን መጥታችሁ አልነገራችሁኝም? እኔ ጎበዝ እላታለሁ፣ እናንተ በር ላይ ትደመስሱታላችሁ። ልጅቷ የማንን ትስማ?»

«ኮከብሽ ነው ችግሩ።»

«ኮከቡም ችግር ነው፤ እኔም አልወደውም፣ አስገዝተው ነው የሰጡኝ። መደምሰሱም ችግር ነው። ሁለቱም ነው አባባ።»

እኔም ጎበዝ መሆኔን ላሳያት ብዬ ወይፈን እንዴት እንደምናቀና አስረዳኋት፦ ከለመደ በሬ ጋር ተጠምዶ፣ ሰው በሌለበት ማሳ፣ በስሙ እየተጠራ።

«ልጅ ወይፈን አይደለችም» አለችኝ።

«አይደለችም። ግን ሁለቱም ሰው ሲከባቸው ይደነብራሉ።»

ይኼኛው ሳታስበው ፈገግ አደረጋት። ከዚያ የሚሆነውን ተስማማን። ኮከብ አይለጠፍም፣ አይጨበጨብም። ስትናገር ሚስ ፍሬ አጠገቧ ዝቅ ብላ የሠራችውን በጆሮዋ ትነግራታለች። ሰው አይሰማም፣ ዓይን አያገኛትም፣ ውባለምም የምትጠርገው የላትም። ዳይሬክተሩን እሷ አናገረችው። ዓርብ ከሰልፉ በፊት ክፍል ገብቶ እንዲያያት እሺ አለ፤ ካልተናገረች ግን በዚያው ቀን ትወርዳለች። እኔም ለራሴ ወሰንኩ፤ ከወረደች በዚያው ቀን ይዣት እሄዳለሁ። ውባለም ምናልባት ብትሄድ ብላ ማታውን የልጅቱን ልብስ አጠበች።

ዓርብ

ዳይሬክተሩ ክፍሉ ውስጥ ከኋላ ቆመ። እኔ በመስኮት። ሚስ ፍሬ ትንሿ ወንበር ላይ ከልጆቹ እኩል ሆና ተቀምጣ ሥዕል ታሳያለች። አንዱ ይመልሳል፣ አንዷ ትመልሳለች። ሳይታሰብ፣ ማንም ስሟን ሳይጠራ፣ ሥዕሉ ስርጉት አጠገብ ደረሰ። ላም ነው።

«ካው» አለች ስርጉት።

የሰማሁት መሰለኝ እንጂ አላመንኩም። ሚስ ፍሬ አላጨበጨበችም። «አዎ፣ ካው። ይቺ ካው ትንሽ ናት ትልቅ?» ብላ በአማርኛ ጠየቀቻት፣ ስርጉት «ቢግ» አለች። ሚስ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ አንድ ነገር አንሾካሾከች። ልጅቱ ትከሻዋ ሲወርድ ከመስኮት አየሁ። ልቤ ሞላ። እዚህ ላይ ብሄድ ደግ ነበር።

ቀጣዩ ሥዕል አህያ ነበር። ስርጉት «ሆርስ» አለች። ሚስ ፍሬ «ዶንኪ» አለች፣ በረጋ ድምፅ፣ «ጆሮውን እይው፣ ረጅም ነው።» እንግሊዝኛ ባላውቅም ሁለቱ አንድ ቃል እንዳልሆኑ ለመስማት ጆሮ አለኝ። ስታ አልተነገራትም! ዳይሬክተሩ ቆሞ እያየ! ራሴን መያዝ አቃተኝ፣ በመስኮቱ ገባሁ ማለት ይቻላል፦

«ተሳሳትሽ እኮ ስርጉት! ደግመሽ በይ!»

ክፍሉ ሁሉ ዞረ። ስርጉት አየችኝ። እጇ ተነስቶ ግንባሯን ሸፈነ።

ዳይሬክተሩ «እንግዲህ አየን» ብሎ ወደ በሩ ተራመደ። ሚስ ፍሬ ከእሱ ቀድማ ወጥታ ፊቴ ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«አባባ፣ ልነግራት ነው እኮ፤ እየነገርኳት ነበር! አሁን ወይ ይሄዳሉ ወይ ልጅቱን ያጣሉ።»

በሕይወቴ ሰው፣ ያውም ሴት፣ ያውም ልጄ የምትሆን፣ እንዲህ ስትለኝ ዝም ያልኩበት ቀን የለም። ያን ቀን ዝም አልኩ። ወደ ዳይሬክተሩ ግን ዞሬ «አንተ ቁም! የጮኸው እኔ ነኝ። እኔን አውርደኝ፣ እሷን አይደለም። ተመለስና ስማ» አልኩት። ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፣ ተመለሰ።

እኔ ከግቢው የውሃ ሮቶ ጀርባ ሄጄ ቆምኩ፣ ከመስኮቱ የማልታይበት። አያ ካሴ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ከክፍሉ ምንም አይሰማም። ከዚያ የሚስ ፍሬ ድምፅ፣ ዝቅ ያለ። ከዚያ ምንም። ልጅቱን ይዤ የምወጣበትን መንገድ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ፦ መኪናው፣ ፍኖተ ሰላም፣ ገበዝ ማርያም። ለውባለም ምን እላታለሁ እያልኩ ሳለ አንዲት ቀጭን ድምፅ «ዶንኪ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግማ፣ ጠንከር አድርጋ። ከዚያ ሌላ የማላውቀው ቃል፣ ከዚያ ሌላ። አንድ ልጅ «ሚስ የኔ ኮከብስ?» ብሎ ማልቀስ ጀመረ።

«የርስዎ ናት?» አለኝ አያ ካሴ።

«የኔ ናት።»

ዳይሬክተሩ ቁልፉን እያሽከረከረ መጣ። «እስከ ግማሽ ዓመት ባለችበት ትቆይ፣ እናያለን» አለ። የማይኩን ነገር አላነሳም፤ እኔም ምስጋና አላበዛሁለትም። «ኮከቡ ግን ለሌሎቹ ይቀጥላል» አለ። «የራስህ ጉዳይ ነው» አልኩት። ሰልፉ ላይ ስርጉት ከመስመሯ ሳትወጣ ቆመች፤ ስሟን የጠራ የለም።

አሁን መንደሩ «ለምን አላመጧትም?» ይላል። የማመጣት ዝቅ ካደረጓት ነበር፤ አላደረጓትም። የምትችለውን ልጅ ከምትችልበት ቦታ ነቅዬ እንዳመጣ የሚፈልግ ካለ ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ። የሰው ዓይን አለ፤ ያንንም አልተውኩም። ውባለምን «ከእንግዲህ በር ላይ ፊትሽን አትቋጥሪ፤ የምትፈሪ ከሆነ በልብሽ ጸልዪ» ብያታለሁ። ይህን ያልኩት ሚስ ፍሬ ስላዘዘችኝ አይደለም፤ ራሴ ስላየሁት ነው።

ትምህርት ሲያልቅ ስርጉት ወጣች። ግንባሯ ባዶ ነው። እናቷ ሥራ ላይ ስለሆነች መናኸሪያ ድረስ የሸኙኝ እሷና አያ ካሴ ናቸው፤ እሱ ነው መልሶ ቤት የሚያደርሳት። እጄን ይዛ እየዘለለች ትሄዳለች። በመንገድ ላይ በርበሬው እያስነጠሰኝ ጠየቅኋት፦

«ሚስ በጆሮሽ ምን አለችሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ፣ ፈገግ አለች፣ አልመለሰችም።

«ንገሪኝ እንጂ። አያትሽ አይደለሁ? ከቋሪት ድረስ ድንች ተሸክሜ መጥቼ?»

«ለኔ ነው የነገረችኝ።»

«ለማንም አልናገርም። በጆሮዬ ንገሪኝ።» ጎንበስ አልኩላት፣ ወገቤ እየጮኸ።

ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። ትንፋሿ ሞቀኝ።

«ኖ» አለች።

አያ ካሴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ምን ማለት እንደሆነ ሊያስረዳኝ ሲጀምር በእጄ ከለከልኩት። እሱን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለገኝም።